«የድርጅት ብር ነው» ለምትሉ፦ የገበሬ ብድርና ቁጠባ ማህበር አነሳስ

ዛሬ ዘርና ማዳበሪያውን ትተን አንድ የቆየ ታሪክ ላጫውታችሁ። ያነሳሳኝ በየቀበሌው የምሰማው ንግግር ነው፦ «ድርጅት የሰጠን ብር እኮ ነው፣ ባይመለስስ ማን ይጠይቀናል?»

ነገሩ የሆነው ጀርመን አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1846 እና 1847 ሰብል ጠፍቶ ረሃብ ገባ። ቫየርቡሽ በተባለ ገጠር ከንቲባ የነበረው ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ራይፋይዘን ያላቸውን ሰዎች አስተባብሮ ገንዘብ አሰባሰበ። ዱቄት ተገዛ፣ የጋራ መጋገሪያ ተሠራ፣ ለድሃው ዳቦ በዱቤ ተሰጠው። ረሃቡ አለፈ፤ ችግሩ ግን አላለፈም።

ያን ጊዜ የገበሬውን ቤት የሚያፈርሰው አራጣ ነበር። ላም የሌለው ሰው በዱቤ ይወስዳል፤ ወለዱ ይቆለላል፤ መክፈል ሲያቅተው ላሚቱ ትሄዳለች፣ አንዳንዴ መሬቱም ይከተላታል። (ከኛው አራጣ አበዳሪ በምን ይለያል? እናንተው ፍረዱ።) ራይፋይዘን በ1849 ፍላመርስፌልድ ላይ ሌላ የእርዳታ ማህበር አቋቋመ። 60 የሚሆኑ ባለሀብቶች በንብረታቸው ዋስ ሆኑ፤ ማህበሩ ከብት እየገዛ ለገበሬው ሰጠ፤ ገበሬውም በ5 ዓመት ከፋፍሎ እንዲከፍል ተደረገ። በ1854 ደግሞ ሄደስዶርፍ ላይ ሦስተኛውን አቋቋመ፤ ይሄኛው ከብድር ሌላ አሳዳጊ ያጡ ልጆችን ይረዳል፣ ከእስር ለወጡ ሰዎች ሥራ ያፈላልጋል።

ታዲያ ምን ሆነ? ሀብታሞቹ ደከሙ። እነሱ ዋስ ናቸው፣ የሚጠቀመው ሌላ ሰው ነው፤ እስከ መቼ? አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ። ራይፋይዘን የሰጪ ልብ ላይ የቆመ ነገር እንደማይዘልቅ የገባው ያኔ ነው። በ1864 ሄደስዶርፍ ላይ ሕጉን ገለበጠው፦ መበደር የፈለገ ራሱ አባል ይሁን፣ አባል የሆነ ሁሉ ለዕዳው ዋስ ይሁን።

አሠራሩን ልብ በሉልኝ። ማህበሩ በአንድ አጥቢያ የተወሰነ ስለነበር ሁሉም ይተዋወቃል። ማን ታታሪ እንደሆነ፣ ማን ብሩን ጠጅ ቤት እንደሚጨርሰው ጎረቤት ያውቃል። ሰውዬው ባይከፍል የሚጎዳው ያው ጎረቤት ነውና ሳያጣራ አያበድርም። የኮሚቴ ሰዎች በነፃ ያገለግላሉ። ትርፉም መጠባበቂያ ሆኖ ይቀመጣል እንጂ አይከፋፈልም። ዋስትናው ግን ገደብ አልነበረውም፤ ማህበሩ ቢወድቅ የአባሉ ንብረት ሁሉ ይጠየቃል። ከባድ ነው፣ እኔ እንኳን አልደፍረውም።

ራይፋይዘን ዓይኑ ስለታመመ በ1865 ሥራውን ለቀቀ። በጽሑፍ ሥራው ልጁ አማሊ ትረዳው ነበር፤ በ1866 ስለ ማህበሮቹ አሠራር መጽሐፍ አወጣ። በ1888 ሲሞት እንደዚህ ያሉ ማህበሮች በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው ነበር።

እናንተ ዘንድ ያለው ተዘዋዋሪ ብር መጀመሪያ ከድርጅት መጥቶ ሊሆን ይችላል። አሁን ግን ስንቱ ወጥቷል፣ ስንቱ ተመልሷል? በሚቀጥለው ስብሰባ መዝገቡ ይነበብልን በሉ፤ የአባል መብታችሁ ነው። ያልገባችሁ ነገር ካለ እዚሁ ጻፉልኝ።