የአፍ ኤችፒቪ ምርመራ በጥርስ ሕክምና

ምርመራው ካንሰር አምጪ የሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ (ኤችፒቪ) ዝርያዎች በጥርስ ታካሚዎች አፍና ጉሮሮ ውስጥ መኖራቸውን የመለየት ሥራ ነው። ዋናው ተፈላጊ ዝርያ 16 ነው፤ በቶንሲልና በምላስ ሥር የሚነሳ ካንሰር ያመጣል።

በ2009 እና 2010 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 69 ከሆኑት መካከል 6.9 በመቶው የአፍ ኤችፒቪ ተገኝቶባቸዋል። ዝርያ 16 የተገኘባቸው 1 በመቶ ያህሉ ናቸው። ወንዶች ከሴቶች በብዙ ይበልጡ ነበር።

ናሙና መስጠቱ አይከብድም። ታካሚው ፈሳሽ ተጉመጥምጦ፣ እስከ ጉሮሮው አድርሶ ዕቃ ውስጥ ይተፋል፤ ላቦራቶሪው በፒሲአር የቫይረሱን ዘረመል ይፈልጋል። የሚከብደው ከውጤቱ በኋላ ያለው ነው። ይኸው ቫይረስ የሚያመጣው የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ታይቶ ይወገዳል፤ የቶንሲሉ ግን በጥልቅ ስርጉዶች ውስጥ ስለሚደበቅ ለዓይን አይገለጥም። አብዛኛው የቫይረሱ ልክፍትም በራሱ ይጠፋል። ስለዚህ «ቫይረሱ አለብህ» የተባለ ጤነኛ ሰው የሚሰጠው ሕክምና የለም፤ የሚተርፈው ጭንቀት ነው። ምርመራውን ለሁሉም ታካሚ ማዘዝ ተገቢ የማይሆነውም ለዚህ ነው።

የጥርስ ሐኪሙ እጅ ግን ብዙ ይሠራል። ሕመም የሌለው የአንገት እብጠት ብዙ ጊዜ የካንሰሩ የመጀመሪያ ምልክት ስለሆነ፣ ከመንጋጋ በታች ያሉትን ንፍፊቶች መዳሰስ ያስፈልጋል። አንዱ ቶንሲል ከሌላው ገዝፎ ከታየ ታካሚው ሳይዘገይ ወደ ስፔሻሊስት ይላካል።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2020 (እ.ኤ.አ.) የኤችፒቪ ክትባት የሆነው ጋርዳሲል 9 የጉሮሮ ካንሰርንም ለመከላከል እንዲሰጥ ፈቅዷል።