እድርና ቀበሌ፦ በር ያለው ግዴታና በር የሌለው ግዴታ

ስለ ግለሰብ መብትና ስለ ማኅበረሰብ ግዴታ ክርክር በተነሳ ቁጥር ሁለት የተለመዱ አባባሎች እሰማለሁ። አንደኛው «የግለሰብ መብት የምዕራባውያን ነው፤ የእኛ ባህል የጋራ ኑሮ ነው» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ማኅበረሰብ የምትሉት ግለሰብን ጨፍልቆ የሚገዛ ቀንበር ነው» ይላል። እኔ ግን ሁለቱም ወገኖች የራሳችንን የቅርብ ታሪክ በቅጡ የተመለከቱት አይመስለኝም። ለዚህ ማስረጃዬ እድርና ቀበሌ ናቸው።

ብዙዎቻችን እድርን ከጥንት ጀምሮ የነበረ አድርገን እናስበዋለን። ጉዳዩን ያጠኑ ምሁራን ግን ዛሬ በምናውቀው መልኩ፣ ማለትም መዝገብና ወርሃዊ መዋጮ ይዞ፣ የከተማ ልጅ መሆኑን ያመለክታሉ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ከገጠር ወደ አዲስ አበባ የፈለሱ ሰዎች፣ በተለይም ጉራጌዎች፣ ከዘመድ ርቀው ሲሞቱ የሚቀብራቸው ወገን ስላስፈለጋቸው እንደ ጀመሩት፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ደግሞ እየተስፋፋ እንደ ሄደ ይናገራሉ። ልብ በሉ! እድር ያደገው ዘመድ በሌለበት ከተማ ነው። እንግዳ ለእንግዳ የገባው ውል ነው።

ውል በመሆኑም ደንብ አለው። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ በአባላት ይመረጣሉ። መዋጮው ለሀብታሙም ለድሃውም እኩል ነው። ጥሩምባ ሲነፋ ከቀብር የቀረ መቀጫ ይከፍላል። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱና ብርጭቆው የጋራ ንብረት ነው። ከሁሉ በላይ ግን ሰው ወደ እድር የሚገባው በስሙ ተመዝግቦ፣ ደንቡን አውቆና ፈቅዶ ነው። ስለዚህ በብዙ የከተማ እድሮች ክርስቲያኑና ሙስሊሙ፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ትግሬውና ጉራጌው በአንድ መዝገብ ላይ ሰፍረው ኖረዋል።

በ1952 ዓ.ም. በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በረኔ ዳቪድ አርቃቂነት የተዘጋጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወጣ። ሕጉ በአንቀጽ 1 ሰው ከተወለደበት ጊዜ ጀምሮ እስከሚሞት ድረስ የሕግ መብት ያለው መሆኑን አወጀ። በአንቀጽ 3347 ደግሞ ሕጉ በሚሸፍናቸው ጉዳዮች ላይ የነበሩትን የልማድ ደንቦች ሻረ። በወረቀት ላይ ግለሰብ ነገሠ፤ ልማድ ወረደ። እድር ግን በዚህ ማዕበል አልተጠረገም። ከመነሻው በፈቃድ የተመሠረተ ማኅበር ስለነበረ፣ ግለሰብን ባለ መብት ካደረገ ሕግ ጋር የሚጣላበት ምክንያት አልነበረውም።

ፈተናው የመጣው በሌላ አቅጣጫ ነው። ደርግ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን ማለትም ቀበሌን አቋቋመ። ስሙ «ማኅበር» ነው፤ ሹሞቹም «ተመራጮች» ተባሉ። ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑትን ቤቶች ኪራይ የሚሰበስበው ቀበሌ ሆነ። መታወቂያ የሚሰጠው ቀበሌ፣ በኅብረት ሱቅ ስኳር የሚያድለው ቀበሌ፣ ስብሰባ የሚጠራውም ቀበሌ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ደግሞ ያው የጎረቤት ማኅበር ጎረቤቱን የሚያስርበት እስር ቤትና የታጠቁ የአብዮት ጠባቂዎች ነበሩት።

እንግዲህ ልጠይቅ፤ በእድርና በቀበሌ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ሁለቱም ጎረቤትን ያሰባስባሉ። ሁለቱም ያዋጣሉ፣ ይቀጣሉ፣ ይመዘግባሉ። ልዩነቱ በሩ ላይ ነው። ቀበሌ ሰውን የሚያስገባው በአድራሻው ነው፤ ሰውየውም አልወደድኩትም ብሎ ሌላ አይመርጥም። ጋራ የሚለው ቃል በሰው ዘንድ እየተጠላ የሄደው፣ ሕዝቡ የጋራ ኑሮን ስለ ጠላ ይመስላችኋል? በእነዚያው ዓመታት እኮ እድሩ አልፈረሰም። ወደ ቀብር ጉዳይ ብቻ ቢሰበሰብም፣ ሰው በገዛ ፈቃዱ ሬሳ መሸከሙን አልተወም።

ይህን ስል እድርን ጻድቅ ማድረጌ አይደለም። «ቀባሪ ያጣል» የሚለው ማስፈራሪያ ስንቱን እንዳሸማቀቀ እናውቃለን። መዋጮ ያቃተው ድሃ ከመዝገብ ሲሰረዝ፣ የሴት ድምፅ ከጓዳ ሳይወጣ ሲቀር ኖሯል። ሰውን ከዚህ ጭቆና ያዳነው ግን ምን እንደነበር እንመልከት። የአንድ ሰው እድር አንድ ብቻ አልነበረም። የሰፈር እድር አለ፣ የመሥሪያ ቤት እድር አለ፣ የአገር ልጅ እድር አለ፣ የሴቶች እድር አለ። አንዱ ቢያስከፋው በሌላው ይጽናናል። ነፃነቱን ያገኘው ማኅበር አልባ ሆኖ ሳይሆን ብዙ ማኅበር ኖሮት ነው።

ይህ የቆየ ታሪክ ዛሬ ለምን ያስጨንቀኛል? በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 31 ለማንኛውም ሰው የመደራጀት መብት፣ አንቀጽ 39 ደግሞ ለብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች እስከ መገንጠል የሚደርስ መብት ተሰጥቷል። ሁለቱ በአንድ ሰነድ ውስጥ ቢኖሩም በተግባር እኩል አልተራመዱም። በቀበሌ መታወቂያ ላይ ለዓመታት ብሔር ሲጻፍ፣ ሰውየው በደንብና በፈቃድ የገባበት ማኅበር አልነበረም። የብሔር መዝገብ መውጫ በር የለውም። «ወገንህ ነውና ዝም በል» የሚለው ትእዛዝ ከዚህ ይመነጫል። ማንም ሰው በቋንቋውና በወገኑ ሊኮራ፣ ለወገኑም ሊሟገት ይገባዋል፤ የገዛ ወገኑ በደል ሲሠራ «ይህ በደል ነው» የማለት መብቱን ግን ለማንም መገበር የለበትም። ይህን የሚከለክል ማኅበረሰብ ስሙ ምንም ይሁን ምን አሠራሩ የቀበሌ ነው።

በስደት ያለነውም ከዚህ ነፃ አይደለንም። አንድ ወገናችን ድንገት ሲያርፍና ሬሳውን ወደ አገር ለመላክ ገንዘብ ሲሰበሰብ፣ አስቀድሞ የትኛውም ማኅበር ውስጥ ያልነበረ ሰው ቤተሰብ እጁን ይዘረጋል። የሚሰጠውም ያው በየወሩ የሚያዋጣው ጥቂት ሰው ነው። «መብቴ ነው፤ አልመዘገብም» ማለት ይቻላል፤ መብት ነውና። ነገር ግን ያ መብት በሌላው ትከሻ ላይ የሚያርፍ ሸክም አለው። በአንጻሩ ደግሞ የፖለቲካ አቋሙን ጠይቀን፣ ዘሩን ቆጥረን ማኅበር የምናስገባ ከሆነ፣ ልጆቻችን ከደጃፋችን ቢሸሹ ልንወቅሳቸው አይገባም።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይላሉ። ሁልጊዜ የምንጠቅሰው ለኅብረት ነው። እኔ ግን ሌላም ነገር አይበታለሁ፤ ሃምሳው ሰው እያንዳንዱ የራሱን ሎሚ በራሱ እጅ ይዟል። ስለዚህ በየምንኖርበት ከተማ ያሉት ማኅበሮቻችን ደንባቸውን አውጥተው በልጆቻችን ፊት ያንብቡት፤ መግቢያውንም መውጫውንም ያሳዩአቸው። ከዚያ በኋላ ነው መዋጮ መጠየቅ የሚያምርብን።

ቸር ይግጠመን።