የዓሣ አጥማጇ ዳርቻ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ስለ አንዲት ዓሣ አጥማጅ ላጫውታችሁ። ስሟ ባራንጋሩ ይባላል። አገሯ ዛሬ የሲድኒ ከተማ የቆመችበት የአውስትራሊያ ወሽመጥ ነው፤ ወገኖቿም ከውሃው በስተሰሜን የሚኖሩት ካመራይጋሎች ነበሩ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1788 መጥተው ሲሰፍሩ፣ በዚያ ውሃ ላይ መንጠቆ የሚጥሉት ሴቶቹ ነበሩ። ከዛፍ ቅርፊት በተሠራች ታንኳ፣ ልጅ ታቅፈው ይወጣሉ። ታንኳዋ ውስጥ ጭቃ ተደልድሎ እሳት ይነድበታል። መንጠቆው ከባሕር ዛጎል ተሞርዶ የወጣ፣ እንደ ጨረቃ ጎበጥ ያለ ነው፤ ገመዱ ከልጥ የተፈተለ።

በ1790 መጨረሻ ላይ ሰፋሪዎቹ መረብ ጥለው 4,000 ያህል ዓሣ ባንድ ቀን ጎትተው አወጡ። አንድ አንዱን በመንጠቆ እየሳበች ቤተሰቧን ለምትመግብ ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት!

ባራንጋሩ አንገቷን የምትደፋ ሴት አልነበረችም። ባሏ ቤኔሎንግ የእንግሊዞቹን ልብስ ሲለብስ እሷ አሻፈረኝ አለች። ከሰፋሪዎቹ እስረኞች አንዱ የአንዲትን ሴት የዓሣ ማጥመጃ ሰርቆ ሲገረፍ፣ ዱላ አንሥታ በገራፊው ላይ ተነሣችበት። በ1791 ሴት ልጅ በወለደች በጥቂት ጊዜ ውስጥ አረፈች። አስከሬኗ ከማጥመጃዋ ጋር ተቃጠለ፤ አመዷም በእንግሊዞቹ ገዥ የአትክልት ቦታ ተቀበረ።

ዘመን ሄደ፣ ዘመን መጣ። ከውሃው በስተደቡብ ያለው፣ የጎረቤቶቿ የጋዲጋሎች ዳርቻ ተቆረጠ፣ ተደለደለ፣ የመርከብ ማራገፊያ ሆነ። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ ጫኝና አውራጆች ሥራ ፍለጋ ከአንዱ ማራገፊያ ወደ ሌላው ሲንከራተቱ መንገዱን «የረሃብ ማይል» አሉት። በኋላም የኮንቴይነር መደርደሪያ ሆኖ፣ እንደ ምጣድ የተለጠጠ ሲሚንቶ ብቻ ቀረ። ወደቡ ሥራውን ሲያቆም 22 ሄክታሩ መሬት ለአዲስ ልማት ተሰጠ፤ ስሙም በሷ ተሰየመ።

ስም መስጠት ቀላል ነው። እኔን የሚገርመኝ በሰሜኑ ጫፍ የተሠራው ፓርክ ነው። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ፖል ኪቲንግ የተቆረጠው ኮረብታ ይመለስ ብለው ተሟገቱ፤ የመልክዓ ምድር ንድፍ ባለሙያው ፒተር ዎከር ደግሞ ዳርቻው በ1836 የነበረውን ቅርጽ እንዲከተል አድርጎ ነደፈው። ድንጋዩ ከየት መጣ? ከዚያው! ከኮረብታው ሥር ለሚሆን አዳራሽና ለመኪና ማቆሚያ ሲቆፈር የወጣው ቢጫ የአሸዋ ድንጋይ፣ ወደ 10,000 የሚጠጋ ጥርብ ሆኖ በውሃው ጠርዝ ላይ ተደረደረ። ማዕበሉ ሲመጣ በድንጋዮቹ መሐል ይገባል፣ ሲመለስ ውሃ አቁሮ ይሄዳል። ብረት ያዘለው ቡናማ መስመር በድንጋዩ ላይ እንደ ጥለት ይታያል። አፈሩ ራሱ የተሠራ ነው፦ ድንጋዩ ተፈጭቶ ከብስባሽ ጋር ተዋሐደ። በዚያ ላይ ከ75,000 በላይ ዛፍና ቁጥቋጦ ተተከለ። ከ84ቱ የዕፅዋት ዝርያዎች ከአምስቱ በቀር ሁሉም የሲድኒ አካባቢ አገር በቀል ናቸው። ፓርኩ በ2015 ተከፈተ።

ይህን ስነግራችሁ ሐዘኔን አልደብቅም። ከዚያው ስም ሥር፣ በደቡብ በኩል፣ 271 ሜትር የሚረዝም የካዚኖ ሕንፃ ቆሟል። የዚያች ሴት ስም ለቁማር ቤት አድራሻ መሆኑ ያመኛል። ኮረብታውም ቢሆን ውስጡ ባዶ አዳራሽ ነው፤ የተቆረጠው መሬት በድጋሚ አልበቀለም። ግን አንድ ሕፃን እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እግሩን ውሃ ሲያስነካ፣ የሚነካው ያንኑ ውሃ፣ የሚደገፈውም የዚያኑ አገር ድንጋይ ነው። ሐውልት ይህን አይሰጥም።

በፓርኩ ዳርቻ ሁለት ትናንሽ ወሽመጦች አሉ። አንዱ ናዊ ይባላል፤ በዚያ አገር ሰዎች ቋንቋ ታንኳ ማለት ነው። ሌላው ማሪናዊ ነው፦ ትልቁ ታንኳ፤ የእንግሊዞቹን መርከቦች ሲያዩ ያወጡላቸው ስም። ዛሬ በማሪናዊ ሰው ይዋኛል።