እሳት አዘግዪ፦ የመኪና ወንበር ውስጥ ያለው ኬሚካል

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣ ሚኒባስ እስኪሞላ ፀሐይ ላይ ይቆማል። ወንበሩ ይግላል፣ ዳሽቦርዱ አያስነካም። ከ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ ወደ 2,700 ሜትር ግድም ሲያቀና፣ ዶርዜ አካባቢ ብርዱ ብቅ ይላል፤ «ኧረ መስኮቱን ዝጉልን!» ይባላል። የጋለ ስፖንጅና የተዘጋ መስኮት ሲገናኙ ምን እንደምንተነፍስ ግን ብዙም አንነጋገርም።

በእንግሊዝኛው «ፍሌም ሪታርዳንት» የሚባለውን ነገር እዚህ «እሳት አዘግዪ» ብዬዋለሁ። «እሳት ተከላካይ» ማለት ያሳስታል፤ ኬሚካሉ እሳትን አያስቀርም፣ ስፖንጁ ቶሎ እንዳይቀጣጠልና ነበልባሉ እንዳይሮጥ ያደርጋል እንጂ።

መኪና ውስጥ ያስገባው ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የሚሠራው የአሜሪካ 302 ቁጥር የደኅንነት ደረጃ፣ የመኪና የውስጥ ዕቃ በደቂቃ ከ102 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይቃጠል ያዝዛል። ያኔ የተፈራው ክብሪትና ሲጋራ ነበር። ደረጃው ኬሚካል ጨምሩ አይልም፤ አምራቾች ግን ፈተናውን ለማለፍ ስፖንጁ ውስጥ ይጨምሩታል። ቻይናም 100 ሚሊ ሜትር የሚል ተመሳሳይ ደረጃ አላት። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ካገደች ወዲህ ከቻይና የሚመጡ የኤሌክትሪክ መኪኖች በርክተዋልና ጉዳዩ ይመለከተናል።

ችግሩ ኬሚካሉ ከስፖንጁ ጋር ተጣብቆ አለመቅረቱ ነው። ቀስ በቀስ ይተናል፣ አቧራ ላይ ያርፋል፣ በትንፋሽና በእጅ በኩል ወደ ሰውነት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት በአሜሪካ 101 መኪኖችን መርምሮ፣ ቲሲአይፒፒ የተባለውን እሳት አዘግዪ በ99 በመቶዎቹ አግኝቷል። በሞቃት ወራት በመኪናው አየር ውስጥ ያለው መጠን ከቀዝቃዛው ወቅት ከ2 እስከ 5 እጥፍ ደርሷል። የአርባ ምንጭን ሙቀት ለሚያውቅ ይህ ብዙ ይናገራል። የአሜሪካ መንግሥት የመርዝ ምርመራ ፕሮግራም ደግሞ ይኸው ኬሚካል አይጦች ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል የሚጠቁም ማስረጃ አግኝቷል።

አሮጌ መኪኖች ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ብሮሚን ያለባቸው የቀድሞዎቹ ዓይነቶች ከታይሮይድ መታወክና ከሕፃናት የአእምሮ እድገት ጋር ስለተያያዙ፣ ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት የስቶክሆልም ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2017 ወደሚወገዱት መዝገብ አስገብቷቸዋል። ከዚያ በፊት የተሠራ ወንበር ግን እስካሁን መንገድ ላይ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚጋለጡት ቀኑን ሙሉ ውስጡ የሚውሉት ሹፌርና ረዳት፣ ከሰውነታቸው አንፃር ብዙ አየር የሚስቡት ሕፃናትም ናቸው። መፍትሔ ግን አለ፤ የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2013 የቤት ዕቃ የእሳት ፈተናዋን ስትለውጥ ያለ ኬሚካል ማለፍ ተችሏል። ለመኪናስ ምን ይከለክላል? የአሜሪካ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ማኅበር እንኳ ደረጃው ይሻሻል ይላል፤ ይኸው ኬሚካል ጭሱን ይበልጥ መርዛማ ያደርገዋልና።

እስከዚያው ሹፌሮች ሆይ፣ ሰው ከመግባቱ በፊት በሮቹን ከፍታችሁ ሙቀቱን አስወጡ፣ ወንበርና ዳሽቦርዱን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ተሳፋሪም ጋቢውን ደርቦ የተከፈተውን መስኮት ጥቂት ይታገሥ፤ ሲወርድም ሳይታጠብ አይብላ።