ኤሌክትሮንን ከአቶም የማውጣት ዋጋ

ከጕድጓድ ውሃ የቀዳ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል። ባልዲው ወደ ታች ሲወርድ ድካም አይጠይቅም፤ ወደ ላይ ሲወጣ ግን ክንድን ያዝላል፤ ጕድጓዱም በጠለቀ መጠን ድካሙ ይበዛል። ኤሌክትሮንን ከአቶም ለማውጣት ኀይል የሚያስፈልገው ስለ ምን እንደ ሆነ የምንነጋገርበት የዛሬው ጉዳይም ከዚህ እጅግ የራቀ አይደለም።

አቶም በመካከሉ አዎንታዊ ኤሌትሪክ የያዘ አስኳል አለው። በዙሪያው ያሉት ኤሌክትሮኖች ደግሞ አሉታዊ ኤሌትሪክ የያዙ ናቸው። ተቃራኒ የሆኑት እርስ በርሳቸው ስለሚሳሳቡ፣ ኤሌክትሮኑን ለይቶ ለመውሰድ የሚሻ ሁሉ ይህን ስበት ድል የሚነሣ ኀይል መክፈል አለበት። የጕድጓዱም ጥልቀት እንደ አቶሙ ዓይነት ይለያያል። የመጀመሪያውን ኤሌክትሮን ለማውጣት፣ በኤሌክትሮን ቮልት ሲለካ፣ ለሶዲየም 5.1፣ ለሃይድሮጅን 13.6፣ ለሂልየም 24.6 ያስፈልጋል።

ይህ ዕውቀት ግን ያለ ስሕተት የተገኘ አይደለም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1914 ዓ.ም. ጄምስ ፍራንክና ጉስታቭ ኸርትዝ የተባሉ ሁለት ወጣት ሊቃውንት በበርሊን ዩኒቨርሲቲ አንድ ሙከራ አደረጉ። ባዜቃን በማጋል በቱቦ ውስጥ ወደ እንፋሎት ለወጡት። ከጋለ ሽቦ የሚወጡትንም ኤሌክትሮኖች በኤሌትሪክ ግፊት እየነዱ በእንፋሎቱ መካከል አሳለፉ። ግፊቱን ጥቂት በጥቂት ሲጨምሩ ወደ ማዶ የሚደርሰው ኤሌትሪክ እየበዛ ሄደ፤ 4.9 ቮልት ላይ ሲደርሱ ግን በድንገት ቀነሰ። ግፊቱ ሲጨመር እንደ ገና በዛ፤ በ9.8 አጠገብ ደግሞ ቀነሰ። ኤሌክትሮኖቹ ኀይላቸው ከ4.9 በታች ሲሆን ከባዜቃው አቶም ጋር ተጋጭተው ነጥረው ይመለሳሉ እንጂ የሚያስረክቡት ነገር የለም ለማለት ይቻላል፤ 4.9 ሲሞላ ግን ያን ኀይል በአንድ ጊዜ ለአቶሙ ያስረክባሉ።

ሁለቱም ይህን አይተው፣ ኤሌክትሮንን ከባዜቃ አቶም የማውጣት ዋጋ ተገኘ ብለው አሳተሙ። ልኬታቸው የጠራ ነበር፤ ትርጓሜያቸው ግን ስሕተት ነበረበት።

የዴንማርኩ ሊቅ ኒልስ ቦር፣ ኤሌክትሮን በአቶም ውስጥ በተወሰኑ እርከኖች ላይ ብቻ እንደሚቆም በ1913 ዓ.ም. ጽፎ ነበር። በ1915 ዓ.ም. እንዲህ ሲል አስረዳ፦ 4.9 ኤሌክትሮኑን ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው ብቻ ያነሣዋል፤ ከጕድጓዱ አፍ አያደርሰውም። ኤሌክትሮኑ ተመልሶ ሲወርድ የተቀበለውን ኀይል ዓይን በማያየው ብርሃን ይለቃል። ያም ብርሃን የመሣሪያውን ብረት መትቶ ከብረቱ ኤሌክትሮኖችን ስለሚያስወጣ፣ የባዜቃው አቶም ኤሌክትሮኑን ያጣ አስመስሎ አሳሳታቸው።

ዘመኑ የጦርነት ዘመን ነበር፤ ኸርትዝም በ1915 ዓ.ም. በጦር ሜዳ ክፉኛ ቈሰለ። ሁለቱ ሊቃውንት በ1916 ዓ.ም. እንኳ በቀድሞው አሳባቸው ጸንተው ነበር። ነገር ግን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፣ በ1917 ዓ.ም. ዴቪስና ጎቸር የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ብርሃኑ የሚያስከትለውን ከእውነተኛው መውጣት ለይተው በማሳየት የቦርን ቃል አጸኑ። ትክክለኛው ዋጋ 10.4 ነው። በ1919 ዓ.ም. ፍራንክና ኸርትዝ የቦርን ትርጓሜ ተቀብለው ጻፉ። የ1925 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸውም ለዚሁ ሥራ ነው። ፍራንክ በሽልማቱ ንግግር ላይ፣ የቦርን አሳብ ታላቅነት ሳያስተውሉ መቅረታቸውን ራሱ አልሸሸገም።

አንባብያን ሆይ፤ ለረጅም ዘመን በየመሥሪያ ቤቱ ጣሪያ ላይ ሲያበራ የኖረውን የቱቦ መብራት አስቡ። በውስጡ ያለው የባዜቃ እንፋሎት በብዛት የሚለቀው ያንኑ የ4.9 ብርሃን ነው፤ በቱቦው ውስጠኛ ገጽ የተቀባው ዱቄት ለዓይን ወደሚታይ ብርሃን ይለውጠዋል። ብዙ መዝገብ በዚያ ብርሃን ተነቧል፤ ብዙ ፊርማም በሥሩ ተፈርሟል። ፊርማን ካኖሩ በኋላ «ቍጥሩ ልክ ነው፤ ፍቺው ግን ተሳስቶ ነበር» ብሎ ማረም ለማንም ቀላል አይደለም። ፍራንክና ኸርትዝ ግን ይህን በማድረጋቸው ሥራቸው ከበረ እንጂ አልተዋረደም።