አንድ ሬዲዮ፣ ሁለት ዜና

ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃን ሜዳ ላይ የተጀመረው «እድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ» በተነሣ ቁጥር ክርክራችን ስለ ደርግና ስለ ተማሪው ንቅናቄ ይሆናል። 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን መሠረተ ትምህርት ሊያስተምሩ፣ ገበሬውን ሊያደራጁ ወደ ገጠር ተልከዋል። ሴቶቹ በቁጥር ያነሱ ነበሩ። የእነርሱን ጓደኝነት ግን እምብዛም አናነሣውም። የባለጸጋ ልጅና የድኻ ልጅ አንድ ክፍል ቢማሩ እንኳ፣ ደወል ሲደወል በየፊናቸው ወደ ቤታቸው ነበር የሚሄዱት። ዘመቻው አንድ ዓይነት ካኪ አልብሶ አንድ ጣራ ሥር አሳደራቸው።

አክስቴ ከዘማቾቹ አንዷ ነበረች። አያቴ እንጀራ እየሸጡ፣ በኪራይ ቤት ነው ያሳደጓት። አብራት የዘመተችው ጓደኛዋ አባት ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ የሚያከራዩአቸው ቤቶች ነበሯቸው።

አክስቴ እንደምትለው ካኪው እኩል አላደረጋቸውም። ጫማቸው ይለያያል፤ ከቤት የሚላክላቸው ስንቅም ይለያያል። ያቀራረባቸው የምግብ ተራ ነው። ጓደኛዋ ምጣድ አስሳ አታውቅም፤ የጋገረችው ሁሉ ዓይን የሌለው፣ ሲያወጡት የሚቀደድ ሆነ። አክስቴ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀውን አስተማረቻት። ያፈረችበት ሙያ ለመጀመሪያ ጊዜ አስከበራት።

የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ሁለቱም ከገበሬው ጋር ጨፈሩ። መሬቱ የሌላ ሰው ነበርና ደስታው አልከበዳቸውም። ሐምሌ 19 ቀን ግን ሬዲዮው ስለ ከተማ ቦታና ስለ ትርፍ ቤት ተናገረ። ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ አነስተኛ ኪራይ ለሚከፍሉ ተከራዮችም ኪራይ ተቀነሰ። በአንድ ዜና የአንዷ አባት ከሰሩ፣ የሌላዋ እናት እፎይ አሉ።

«ደስ ብሎኝ ነበር» ትላለች አክስቴ። «ግን ደስታዬን የት ልደብቀው? ፊቷን ለማየት አፈርኩ።»

ጓደኛዋ ምንም ሳትናገር ወጥታ ቆየች። ስትመለስ፣

«እማማ ኪራይ ይቀነስላቸዋል ማለት ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«መሰለኝ።»

«እሰይ። በይ ተነሽ፣ ተራችን ነው።»

አዋጁ ለተከራዩ ፍትሕ፣ ዕድሜ ልኩን ቆጥቦ ለሠራው ባለቤት ግን ዘረፋ ሆኖ ተሰማው። እኛ በስደት ምድር ቡና ላይ ስንጨቃጨቅ፣ ከሁለቱ አንዱን ይዘን ሌላውን እንክዳለን። ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ሁለት ልጃገረዶች ግን ሁለቱንም ይዘው በዚያው ምሽት እንጀራ ጋገሩ።

ስለ አዋጁ ዛሬም አይስማሙም። አንዷ አዲስ አበባ፣ ሌላዋ ዋሽንግተን ሆነው በየዓመት በዓሉ ይደዋወላሉ። አንዳንዴ ስልኩ በኩርፊያ ይዘጋል፤ በማግሥቱ ግን ቀድማ የምትደውል አትጠፋም።