ያልተቆጠረ ጉዳት

በ2013 ዓ.ም. በተመረቀው የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ አንድ ሠራተኛ ጣቱን ማሽን ቢቆርጠው፣ አደጋው መዝገብ ላይ መስፈር አለበት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪውን እንዲመዘግብና እንዲያሳውቅ ያዝዘዋልና። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ቁስሉ ሆስፒታል ገብቶ በሕክምናው ምክንያት ቢያመረቅዝስ፣ ይህን ሁለተኛ ጉዳት ማን ይቆጥረዋል?

ጥያቄው የቆየ ነው። በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቪየና ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። ሐኪሞች በሚያዋልዱበት ክፍል የሚሞቱት እናቶች፣ አዋላጆች ከሚሠሩበት በእጅጉ ይበልጡ ነበር። ኢግናዝ ሰመልቫይስ የተባለ ሐኪም የሁለቱን ክፍሎች ቁጥር አስተያየ። ሐኪሞቹ አስከሬን በነካ እጃቸው እንደሚያዋልዱም ልብ አለ። በ1847 እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ። ከመቶ 18 ገደማ የነበረው ሞት በሁለት ወር ወደ 2 ገደማ ወረደ። ብዙ ባልደረቦቹ ግን አልተቀበሉትም፤ «ገዳዩ የኛው እጅ ነው» ማለት ከባድ ነውና።

ለኛም ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። መዝገብ ጥፋተኛ ማደኛ ከሆነ ሁሉም ይደብቃል፤ የሚቀጥለውን ታካሚ ማዳኛ ሲሆን ግን እውነቱ ይጻፋል። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለታማሚ ነበር። እኔ ለሆስፒታልም ይሠራል እላለሁ።